ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር

እናቱን ቀብሮ ሥራ በገባበት ቀን አንዲት ነጭ መኪና ሳያስበው አውቶብሱ ፊት ጥልቅ አለችበት። ሾፌሩ ፍሬን ረገጠና ከጀርባው ካለው ወንበር የሚመጣውን ጩኸት ጠበቀ። እናቱ እዚያ ተቀምጣ፣ አንገቷን በመስኮት አስግጋ የመንገዱን ሾፌር ሁሉ ስትሸነቁጥ፣ ተሳፋሪው በሳቅ ፍርስ ይል ነበር። እሱ ብቻ "እማዬ፣ በናትሽ አታዋርጂኝ" እያለ ይሸማቀቅ ነበር። ዛሬ ወንበሯ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው እንቅልፉን ይለጥጣል።

ጸጥታው አላስችለው አለ። አንገቱን በመስኮት አሰገገ። "አንተ ሰውዬ፣ መንጃ ፈቃድህ በሎተሪ ነው የደረሰህ?" ቃሉም ቁጣውም የእሷው ነበር።

ከነጯ መኪና አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። "ባለጌ፤ እናትህ ይሄን ነው ያስተማረችህ?"

ሾፌሩ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቁ አመለጠው።

"አዎ፣ አባባ" አለ። "እግዜር ይስጣት።"