የሚናገረው ስልክ

ወንዳወቅ የገበሬውን በቆሎ ብሎክቼን በሚባል የኮምፒውተር መዝገብ እየመዘገበ ለገዢ በሚያሳይ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ባለፈው ሳምንት የቡሬው ቢሮ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ተቀነሱ። ዛሬ ጧት ማንኩሳ አጠገብ ወዳሉት ገበሬ፣ ወደ አያ ዘሩ ሄደ። ማንበብ ስለማይችሉ፣ ገዢ ሲገኝ ስልካቸው በድምፅ እንደሚነግራቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር። እሳቸውም አምነውት ሳይሸጡ ቆዩ፤ በቆሎውን ጎተራው ውስጥ ነቀዝ ያዘው።

«አያ ዘሩ፣ ያ ያልኩዎት አገልግሎት አይመጣም» አላቸው አንገቱን ደፍቶ።

«ምነው ወንዳወቅ፣ ልጄ? መጥቶ የለም ወይ? ሰሞኑን ጧት ጧት በራስህ ድምፅ ‹ይጠብቁ› ትለኝ የለ?»

ወንዳወቅ ለማንም ድምፁን ቀርጾ አያውቅም። ሽማግሌው ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ከፈቱት።

«እንደምን አደሩ አያ ዘሩ» አለ የወንዳወቅ ድምፅ። «ገዢው እየመጣ ነውና ይጠብቁ። አጠገብዎ የቆመውን ሰው አይስሙት። የተቀነሰው እሱ ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

አያ ዘሩ ስልኩን ዝቅ አድርገው ወንዳወቅን ትክ ብለው አዩት።

«ለመሆኑ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?»