ወደ መሀል የሚሄዱ መደርደሪያዎች

ድምፁ ከምስሉ ቀድሞ መጣ። ሲጥጥጥጥ… አለ፤ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ ጓ! ብረት ከብረት ተላተመ።

መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ተጋርዷል። ሠላሳ የሚሆኑ አርክቴክቶች በጨለማው ውስጥ አንገታቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አሰገጉ።

«ፕሮጀክተሩ እስኪሞቅ ነው፣ ታገሡኝ» አሉ አሠልጣኙ። ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ ፈቃድ ለማሳደስ የግድ የሚወሰደውን ሥልጠና፣ የመጋዘንና የመዝገብ ቤት ንድፍን፣ እሳቸው ናቸው የሚሰጡት። «እስከዚያ ድምፁ የምን እንደሆነ ገምቱልኝ።»

«የአማቴ ጉልበት!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም አርክቴክት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ስንዝርም ሳቀች። ስንዝር ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ እጇ በገባ ክፍል ውስጥ ስንዝር ቦታ ሥራ ፈትቶ አያድርም። አጠገቧ ታላቅ ወንድሟ እጁን አጣምሮ ያንጎላጃል። እሷ ትነድፋለች፣ እሱ ሕንፃው የሚሸከመውን ክብደት ያሰላል፤ ቢሯቸው አንድ፣ ማኅተማቸው አንድ። ሥልጠናው እሱን ባይመለከተውም «ብቻዬን ይደብረኛል» ብላ ጎትታ ነው ያመጣችው።

ምስሉ መጣ። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው፤ ረጅም፣ መስኮት አልባ። እስከ ጣሪያ በበሽተኛ ካርድ የታጨቁ መደርደሪያዎች ወለሉ ላይ በተነጠፈ ሐዲድ ላይ ተደርድረዋል። ሲገፏቸው ይንሸራተታሉ፤ ሰው የሚገባበት ክፍተት በተፈለገበት ቦታ ይከፈታል።

«በመሀላቸው የሚባክን መተላለፊያ የለም። በአንዱ ቦታ ሁለት እጥፍ ካርድ!» አሉ አሠልጣኙ። «ማን እንደነደፈው አላውቅም እንጂ እጁ ይባረክ።»

ስንዝር ደስታው ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ወንድሟን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ወንድም ጋሼ፣ ንቃ እንጂ! የኛ ካርድ ክፍል ነው!»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ» አለ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ ገልጦ።

«ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጥገና» አሉ አሠልጣኙ። «እዩት።»

ሰማያዊ ጋውን የለበሱ ሴትዮ የግራውን መደርደሪያ እየገፉ ግድግዳው ድረስ ወሰዱና ለቀቁት። ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ ሲጥጥጥጥ፣ ቀስ እያለ ወደ መሀል ተመለሰ። ሴትዮዋ በቀኝ በኩል ያለውንም ገፍተው ለቀቁት። እሱም ዞሮ መጣ። ጓ!

«ተፋቅረው ነው መምህር! ቀለበት እሰሩላቸው!» አለ ወፍራሙ።

«ፍሬኑ ነው» አሉ አሠልጣኙ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሴትዮዋ ግን የመንኮራኩሮቹ ኩሽኔታ የደረቀ መስሏቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ግራሶ ሲቀቡት ከረሙ። ጭራሽ ባሰበት!»

የስንዝር ሳቅ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ወለል አንድ ጎኑ ቢዘም ሁሉም ወደዚያው ጎን ነው የሚንከባለለው። የግራውም የቀኙም ወደ መሀል ከሄደ፣ መሀሉ ወርዷል ማለት ነው።

ንድፉ መጀመሪያ መተላለፊያ ያላቸው፣ የማይንቀሳቀሱ መደርደሪያዎች ነበሩ። ሊያስረክቡ አራት ቀን ሲቀራቸው ነው የለወጠችው። ለወንድሟ ስትደውልለት «ያው ካርድ ነው አይደል?» አላት። «ያው ካርድ ነው» አለችው። እጥፍ መሆኑን እሷ አላነሳችም፤ እሱም አልጠየቀም።

ዞረች። አሁን ሁለቱም ዓይኖቹ ተበልጥጠዋል።

«ወንድም ጋሼ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ያኔ እንደገና አስልተኸው ነበር?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«መምህር!» ስንዝር ሳይታወቃት ቆማለች። «መቼ ነው የተቀረፀው?»

«ትናንት ከሰዓት። ምነው የኔ ልጅ?»

ከዚያ ክፍል ሥር የሕፃናት ክትባት አለ። እናቶቹ የሚጠብቁበትን አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳውን ትቶ መሀል ለመሀል፣ ጀርባ ለጀርባ እንዲደረደር ያደረገችው ራሷ ናት። ቦታ ይቆጥባል ብላ።

ከተናገረች ፈቃዷም፣ ቢሮውም፣ የወንድሟም ስም አብሮ ነው የሚሄደው።

«ፍሬኑ አይደለም» አለች። «ሶሌታው ነው። ወለሉ እየወረደ ነው። ሆስፒታሉ ጋ ይደውሉ፤ ከካርድ ክፍሉም፣ ከሥሩ ካለው ክትባትም ሰው ይውጣ። አሁኑኑ!»

«ኧረ እህቴ፣ ቀልባችንን አትግፈፊው» አለ ወፍራሙ። «እዚህ ቁጭ ብለሽ እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ ነኛ የነደፍኩት!»

አሠልጣኙ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ፤ አንስተው ደወሉ። ግድግዳው ላይ ምስሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሴትዮዋ እንደገና እየገፉ ነው። «አንሱ… አንሱ እንጂ… ሃሎ! ስሚኝ ልጄ፣ ምንም አትጠይቂኝ፣ ክትባት ያሉትን እናቶች አስወጪያቸው… አዎ፣ ሁሉንም! ካርድ ክፍልም ማንም እንዳይቀር!»

ያን ጊዜ ወንድሟ ተነሣ። አጠገቧ ሊቆም ነው ብላ እጇን ዘረጋችለት። እሱ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ጉልበቷን ታክኮ አለፈ፣ ፊቷን ሳያይ በሩን ከፈተ። የብርሃን ምንጣፍ ወለሉ ላይ ተዘረጋና ታጠፈ።

ኮቴው በደረጃው እየራቀ ሄደ። ወደ ሆስፒታሉ እንደሚሄድ ሰው እየሮጠ አልነበረም።