የታጠበው ጨርቅ

ነርሷ የተጣጠፈውን የሽንት ጨርቅ ገልጣ አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች። ፊርዶስ ልጇን ለክትባት ስታመጣ ያቆሸሸውን ጨርቅም ይዛ እንድትመጣ ቢነገራት፣ ይህን ይዤማ በሮማናት አደባባይ አላልፍም ብላ በሳሙና ፈትጋ አጥባው መጥታለች።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የፈለግነው እኮ ቆሻሻውን ነበር። ይህ የተቅማጥ መከላከያ ጠብታ ለአንዱ ልጅ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራው በሆዳቸው ባሉት ተሕዋስያን የተነሳ እንደሆነ ልናይበት ነው።»

ፊርዶስ አቀርቅራ ንጹሑን ጨርቅ ደባበሰችው። «ታላቅ ወንድሙም ይኸንኑ ጠብታ ወስዶ ነበር» አለች። «በተቅማጥ ነው ያጣሁት።»

ያኔ ሕፃኑ ፊቱ እስኪቀላ አማጠና የታጠቀውን ጨርቅ ሞላው። ፊርዶስ ሕፃኑን ለነርሷ አቀበለቻት፤ ጨርቁን እንደ ልማዷ ልትደብቀው ጠቅለል አደረገችው። ከዚያ መልሳ ፈታችው፤ በሁለት እጇ ይዛም፣ ወረፋ በሚጠብቁት እናቶች መሐል፣ ሳትሸፍነው ወደ ላቦራቶሪው ሄደች።