አረፋ የነፈገ ጉበት

የተመራማሪዋ እናት የሞቱት በማህፀን የካንሰር ዕጢ ነው። ዕጢው ጉበታቸው ጋ አልደረሰም፤ ጉበታቸው ግን ቀድሞ ሥራ ፈታ። ዕጢ ከሩቅ ሆኖ በደም የሚልከው አንድ ነገር አለ፤ የጉበትን ኢንዛይም ያደነዝዛል። ያንን ነገር አንቄ ሳልይዝ አላርፍም ብላ ለራሷ ምላለች።

ሥራው ቀላል ነበር። በአንዱ ሳጥን ያሉት አይጦች ከዕጢ ሕመምተኛ ደም የተጣራውን ውሃ ይወጋሉ፤ በሌላው ያሉት የጤነኛ ሰው። ኋላ ጉበታቸው ይፈጭና በየብልቃጡ ፐሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል። ደህና ጉበት አረፋ ይደፍቃል፤ የደነዘዘው ዝም ይላል። ለጤነኛው ሳጥን የቤተ ሙከራው ሰዎች በየተራ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ሰሞኑን ተራው የእሷ ነበር።

አይጦቹን የሚጠብቁት ጋሼ በሐዘኗ ጊዜ ከጎኗ ያልተለዩ ሰው ናቸው። «ሱሪሽ ሊወልቅ ነው፣ የኔ ልጅ» ብለው በወስፌ ቀበቶዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሱላት። «ሐዘን አከሳሽ።»

«ሥራውም አለ፣ ጋሼ።»

ውጤቱ በወጣ ቀን ሁለቱም ብልቃጦች ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ሳጥኖቹን በመሃል አቀያይረዋቸዋል፤ ሁለቱም የሕመምተኛውን ተወግተዋል።»

«እኔ? እስከዛሬ አድርጌው አላውቅም።»

«ዓይንዎ ደክሟል። ትናንት የፈለጉት መነጽር ግንባርዎ ላይ ነበር እኮ።»

ለቤተ ሙከራው አለቃ ነገረች፤ አሰናበቷቸው። ጋሼ ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡና በር ላይ ዞር አሉ።

«ቀበቶሽ እንደገና ሰፍቶሻል» ብለው ወጡ።

የእናቷ ነገር ነውና ጨክና አልጠራቻቸውም።

ሙከራውን እንደገና ጀመረችው። ደሙ አዲስ ተቀዳ፤ ምንም ያልተወጉ አይጦችም ተጨመሩ። ራሷ መገበች፣ ራሷ ወጋች፣ ሳጥኖቹን ራሷ ቆለፈች።

ምንም ያልተወጉት አይጦች ጉበት አረፋ ብልቃጡን ሞልቶ ፈሰሰ። የሕመምተኛው ዝም አለ። የጤነኛውም ዝም አለ።

ጋሼን ይቅርታ ልትጠይቅ ስልኩን አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የጤነኛው ደም የተቀዳበት የመርፌ ቦታ ገና እንደጠቆረ ነበር።