የማትዞረዋ ሴት

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አስተካክላ፣ ልጇ ሠርታ የጨረሰችውን አጭር የካርቱን ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ ትጫወት ነበር። በስክሪኑ ላይ ዝናብ ያካፋል። ዓይኖቿ ፊቷን የሞሉት ትንሽ ልጅ ሥዕሏን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ከውስጥ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስፌት መኪና ላይ አቀርቅራለች። ከልጅቷ ራስ በላይ "እማዬ፣ እዪልኝ" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ የኪቦርዱን ቁልፍ ተጫነች። ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። ደጋግማ ተጫነች።

"የቱን ብጫን ነው ይቺ ሴትዮ የምትዞረው?"

ከኋላዋ የቆመችው ልጇ መለሰችላት። "አትዞርም እማዬ። ጌሙ እዚያ ላይ ያልቃል።"

እናት "ሥራ በዝቶብኝ እኮ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። እጇን ከኪቦርዱ አንስታ፣ ወንበሯን አዙራ፣ የልጇን ፊት ሽቅብ እያየች "በይ፣ የሳልሽውን ሁሉ አምጪና አሳዪኝ" አለቻት።