ከአምስት ሸሚዝ አምስት ቀሚስ

«አምስቱንም ቅደጃቸው» ይላል ወንድሜ፣ ፌስታሉን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ እየገለበጠ። «ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቀሚስ ይውጣ። ለፌንጣ።»

ፌንጣ ልጁ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ስለማታውቅ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የወንድ ሸሚዝ ፈትቶ የልጅ ልብስ ማድረግ ደግሞ ሙያዬ ነው። የሰፈሩ ልጅ ግማሹ የአባቱን ሸሚዝ ለብሶ ያደገው በእኔ እጅ ነው።

እነዚህንም ሸሚዞች አውቃቸዋለሁ። ስድስት ሰፍቼለት ነበር፤ አምስቱ እነሆ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፣ ስድስተኛውን ለብሶታል። ክርናቸው ላይ ሳሳ ብለዋል እንጂ ገና ያገለግላሉ።

«ምነው፣ ጠበቡህ እንዴ?» እለዋለሁ። «ቦርጭ አውጥተህ ነው አይደል ኮቱ ውስጥ የተደበቅከው?»

«እንደዚያ በይው» ብሎ ይስቃል። ኮቱን ግን አያወልቅም። ካውያው ከጠዋት ጀምሮ ሲግል ስለዋለ ክፍሏ ምድጃ ሆናለች። እኔ ላቤን በክንዴ እጠርጋለሁ፣ እሱ የኮቱን ኮሌታ አቁሞ ተቀምጧል።

«ታዲያ ልጅቷን ይዘሃት አትመጣም? በምን ለክቼ ልቅደደው?»

«ልኳ አይጠቅምም፣ እትዬ። የመጀመሪያው ለሰባት ዓመቷ ይሁን። ሁለተኛው ለስምንት። እንዲያ እንዲያ እያልሽ እስከ አሥራ አንድ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ገና ላልተደረሰበት ዕድሜ ይሰፋል እንዴ?» መቀሱን አስቀምጣለሁ። «አንዱን ሰፋ አድርጌ እሰፋና ከታች ብዙ እጥፋት እተውለታለሁ። ባደገች ቁጥር እየፈታሁ አስረዝመዋለሁ። በየዓመቱ ይዘሃት ትመጣለህ፣ አለቀ።»

«በየዓመቱ» ይላል ቀስ ብሎ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መልሶ፣ «አምስቱንም አሁን ስፊያቸው» ይለኛል።

ሸሚዞቹን ተራ በተራ መዘርጋት እጀምራለሁ።

ሸሚዝ ልቀድ ስል መጀመሪያ የማየው ኮሌታውን ነው። የሰማያዊው የአንገት ቁልፍ ቦታዋ ላይ የለችም። አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ተሰፍታለች። ክሩ የእኔ አይደለም፤ እኔ ቁልፍ የምተክለው በጨርቁ ቀለም ነው። ይቺ ግን በጥቁር ክር አሥር ጊዜ ተጠምጥማ ታስራለች። የድሮው ቦታ ላይ የመርፌዬ ቀዳዳዎች እንዳሉ አሉ።

ባለመስመሩ ላይ አንድ ጣት ተኩል ገብታለች። ግራጫው ላይ ሁለት። አራተኛውንና አምስተኛውን ከጎናቸው አነጥፋለሁ፤ ቁልፏ በየሸሚዙ እየራቀች ትሄዳለች።

«ማን ነው ይሄን የሰፋው?»

«እኔ ነኝ። ቤት ሰው የሌለ ቀን።»

«እኔ እያለሁልህ?»

«አንቺማ ታውቂብኛለሽ።»

ምላሴን በቆረጠው። ቦርጭ ብዬ ቀለድኩበት።

«ኮትህን አውልቅ» እለዋለሁ።

እንደ ልጅነቱ እሺ ብሎ ያወልቃል። የለበሰው ነጩን ነው። የአንገቱ ቁልፍ ሦስት ጣት ገብታለች፤ ያም ሆኖ ኮሌታው አንገቱን አይነካውም፣ ዙሪያውን ቆሞ ቀርቷል። ትከሻው የእሱ አይመስልም። ሜትሩ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጄ ግን ሊያነሣው አልደፈረም። ፈራሁ። እናታችን ስትሞት እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

«ሐኪሞቹ ምን አሉህ?»

«ያሉኝን ብለውኛል።» ኮቱን መልሶ ይደርባል። «እናቷ ገና አልሰማችም። እስክነግራት በሆድሽ ያዢልኝ።»

እንባዬ ይመጣል። እሱ ፊት እንዳይወርድ ጠመኔዬን ፈልጌ አነሣለሁ፣ ሰማያዊውን ሸሚዝ ወደ ራሴ ስቤ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ አነጥፈዋለሁ፣ ስለ ሥራ ማውራት እጀምራለሁ።

«አዙሬ ነው የምቀደው። የሸሚዙ ጀርባ የቀሚሱ ፊት ይሆናል፣ የቁልፎቹ መደዳ በጀርባዋ ይወርዳል። ለሁሉም ልጅ እንዲያ ነው የማደርገው።»

«ፊት ለፊት አድርጊው» ይላል።

«አያምርማ።»

«ባያምርም። በጀርባዋ ከሆነ እጇ አይደርስም።»

«የሚቆልፍላት ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት የማለብሳት እኔ ነኝ፣ እትዬ። እናቷ ሳይነጋ ነው ሥራ የምትወጣው።» ድምፁ የሰላ ነው፣ ብዙ ቀን ያሰበበት ነገር ነው። «ራሷ መቆለፍ አለባት።»

ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል። ጎንበስ ብዬ ስብርባሪውን እለቅማለሁ፤ ቀና ስል እዚያው ነው፣ እየጠበቀኝ።

«እሺ» እለዋለሁ። «አራቱን እንዳልክ አደርጋለሁ። ይሄን ሰማያዊውን ግን፣ የሰባት ዓመቱን፣ በጀርባ ነው የማደርገው። ሰባት የምትሞላው እኮ የዛሬ ሁለት ወር ነው። ሁለት ወር ምን አላት? ይሄንንስ አንተ ትቆልፍላታለህ።»

ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ሸሚዙን ከፊቴ ላይ ቀስ ብሎ ይገለብጠዋል። ቁልፎቹን ወደ ላይ ያደርግና፣ የተጨማደደውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ መልሶ ከመቀሴ ሥር ያነጥፈዋል።