ምሬት የሚያውቅ ምላስ

ከድርቁ ዘመን ወዲህ መርሳ ውስጥ ልጅ ሁሉ ሦስት ዓመት ሲሞላው ምሬትን ከምላስ የሚያጠፋ መርፌ ይወጋል። ያለ መርፌው መራራው የዕርዳታ ዱቄት አይዋጥም። ዘሃራ በልጅነቷ ተወግታለች፤ የልጇ የኢክራም ተራ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ነበር።

ጠዋት ዘሃራ ከወንዝ ዳር የለቀመችውን የዱር ጎመን ቀቅላ ቀመሰችው። ምንም አላላትም። ለኢክራም ስታጎርሳት ግን ልጅቷ ፊቷን አጨማድዳ ተፋችው።

«እማ፣ ይሄ ምላሴን ይቆጣል!» አለች። ለምሬት ቃል አልነበራትም።

ዘሃራ ደንግጣ ድስቱን እንደያዘች ከመርፌው ዘመን በፊት ወዳደጉት ጎረቤቷ፣ ወደ አባ ይመር ሮጠች። ሽማግሌው ቅጠሏን ከንፈራቸው ላይ አስነክተው ተፉ።

«መረራት እንጂ! ነይ፣ የለቀምሽበትን አሳዪኝ።»

ወንዙ ዳር፣ ከጎመኑ መሃል፣ መለከት የመሰለ ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው ተክል ቆሟል። አባ ይመር ቅጠሉን አሹት፤ ክፉ ሸተተ።

«አስተናግር ነው፤ ቅጠሉን ከጎመኑ ጋር ቀላቅለሽ ለቅመሽዋል። የበላውን ያስለፈልፋል፤ ሲበዛም ይገድላል። ልጅሽ ባትተፋው ኖሮ ዛሬ ቤትሽ ለቅሶ ነበር።»

ዘሃራ ጉድጓድ ቆፍራ የድስቱን ጎመን ቀበረችው።

ከሰዓት የጤና ሠራተኛዋ ጦይባ መርፌዋን ይዛ መጣች። ዘሃራ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ይቺ አትወጋም። ይምረራት» አለችና ስለ ነጩ አበባ የጠዋቱን ሁሉ ነገረቻት።

«ዱቄቱንስ እንዴት ልትውጠው?»

«በወተት አቀጥንላታለሁ። ዘንድሮ ዝናቡም ጥሩ ነው፤ እህል ይደርሳል።»

ጦይባ መርፌውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«የኔም ልጅ በሚመጣው ወር ሦስት ይሞላታል» አለች ቀስ ብላ። «እስኪ ያንን አበባ አሳዪኝ።»